በማር ውስጥ ስላለው ስኳርና ማር ስለሚረጋበት ምክንያት፤ የየካ ሚካኤልንና የእንጦጦን ተራሮች ምሳሌ በማድረግ የተዘጋጀ ትምህርት

የመስከረም አደይ አበባ የየካንና የእንጦጦን ተራሮች አልብሶ ካለፈ በኋላ፥ በጥቅምትና በኅዳር ወር አዲሱ ማር ከቀፎ ይወጣል። ኅዳር 12 ቀን የቅዱስ ሚካኤል በዓል በየካ በሚከበርበት ሰሞንም ማር በብዙ ይፈለጋል። ነገር ግን ሲሸጥ እንደ ዘይት ይፈስ የነበረው ማር ጥቂት ሳምንት ቈይቶ በእንስራው ውስጥ ይነጣል፤ እንደ ጨው ቅንጣት እያበጀም ይረጋል። ከዚህም የተነሣ የገዛው ሰው «ስኳር ቀላቅሎ ሸጠልኝ» ብሎ ይከሳል፤ የሸጠው ደግሞ «ከቀፎ እንደ ወጣ ነው» ብሎ ይምላል።

እንዲህ ያለው ክርክር ከሹም ፊት በቀረበ ጊዜ፥ ፈራጁ የማርን ባሕርይ የማያውቅ ከሆነ እውነተኛውን ንብ አናቢ ሊቀጣ፥ አታላዩንም ሊለቅ ይችላል። አንድ ንብ አናቢ በግፍ ስሙ ከጠፋ ማሩን የሚገዛው አያገኝም፤ ቀፎውንም ይተዋል። ስለዚህ ማር የሚረጋበትን ምክንያት ማወቅ ለፍርድም ለእርሻም የሚጠቅም ነው። ምክንያቱም ያለው ግሉኮስ በሚባለው ተራ ስኳር ባሕርይ ውስጥ ነው።

ስኳር ከወዴት እንደሚገኝ

ስኳርን የሚሠራው ቅጠል እንጂ ንብ አይደለም። ቅጠል ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ይስባል፤ ሥርም ከመሬት ውሃ ይልካል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ቀለም የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ በዚያ ኃይል ሁለቱን ያዋሕዳቸዋል። ከ6 የካርቦን ዳይኦክሳይድና ከ6 የውሃ ሞለኪውል አንድ የግሉኮስ ሞለኪውል ይገኛል፤ 6 የኦክሲጅን ሞለኪውልም ተርፎ ወደ አየር ይመለሳል። ሰውና እንስሳ የሚተነፍሱት ኦክሲጅን ከዚሁ ሥራ የተረፈ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር 10,000 እጅ 4 እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፥ በምድር ላይ ያለው ሣርና ዛፍ፥ እህልና ፍሬ ሁሉ ከዚህ ጥቂት ነገር የተሠራ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው።

ግሉኮስ 6 የካርቦን፥ 12 የሃይድሮጅንና 6 የኦክሲጅን አቶም ያለበት ነው። በሚዛን ሲታይ፥ ከ180 ግራም ግሉኮስ ውስጥ 72 ግራም ካርቦን፥ 12 ግራም ሃይድሮጅን፥ 96 ግራም ኦክሲጅን ይገኛል። ካርቦን ማለት ከሰል የሆነው ነገር ነው፤ ስኳር በብረት ምጣድ ላይ አብዝቶ ሲቃጠል ጠቁሮ ከሰል የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ይህን ስኳር በ1747 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ማርግራፍ የሚባል የጀርመን ሊቅ ከዘቢብ ለይቶ አገኘው። ግሉኮስ የሚለው ስም ከግሪክ ቃል የወጣ ሲሆን፥ የወጣለትም በ1838 ነው። አቶሞቹ በምን ሥርዓት እንደ ተያያዙ መርምሮ ያስረዳው ኤሚል ፊሸር ነው፤ እርሱም በስኳር ላይ ስለ ደከመው ድካም ጭምር በ1902 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

የአንዱ ስኳር ብዙ መልክ

ከግሉኮስ ጋራ በማር ውስጥ የሚገኘው ሌላው ተራ ስኳር ፍሩክቶስ ይባላል። የአቶሞቹ ቍጥር ከግሉኮስ ጋራ አንድ ነው፤ ልዩነቱ በአቀማመጣቸው ነው። አንድ ዐይነት ድንጋይ ይዘው ሁለት ግንበኞች ሁለት ዐይነት ቤት እንደሚሠሩ ያለ ነው። በዚህ በአቀማመጥ ልዩነት ብቻ ፍሩክቶስ ከግሉኮስ ይልቅ ይጣፍጣል፤ በውሃም ይልቁን ይሟሟል።

አንድ ግሉኮስና አንድ ፍሩክቶስ ሲጣመሩ ሱክሮስ ይሆናሉ። ይህም በሱቅ የሚሸጠው ነጭ ስኳር ነው፤ በኢትዮጵያ በ1946 ዓ.ም. በወንጂ ሥራ በጀመረው ፋብሪካ ከሸንኮራ አገዳ ተጨምቆ መውጣት የጀመረውም እርሱ ነው።

ብዙ መቶና ብዙ ሺህ ግሉኮስ እንደ ሰንሰለት ሲቀጣጠል ደግሞ ጣፋጭነቱ ይጠፋል። በአንድ ዐይነት አቀጣጠል ከሆነ በጤፍ፥ በገብስና በድንች ውስጥ ያለው ስታርች የሚባለው ነጭ ዱቄት ይሆናል። በሌላ ዐይነት አቀጣጠል ከሆነ ግን የእንጨትና የሣር ጭረት፥ ማለት ሴሉሎስ ይሆናል። የሰው ሆድ ስታርችን ፈትቶ ይመገባል፤ ሴሉሎስን ግን ሊፈታው አይችልም። ላምና በግ በሆዳቸው ውስጥ በሚኖሩ በዐይን በማይታዩ ተሕዋስያን ርዳታ ሣሩን ይፈታሉ።

ስለዚህ ከእንጦጦ ተራራ ሴቶች በጀርባቸው ተሸክመው የሚያወርዱት የባሕር ዛፍ እንጨት፥ በዚያ እንጨት በምጣድ ላይ የሚጋገረው እንጀራ፥ በብርሌ የሚቀዳውም ጠጅ መነሻቸው አንድ ነው። ሦስቱም ቅጠል በፀሐይ ኃይል የሠራው ግሉኮስ ናቸው። የባሕር ዛፉ ዘር በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1880ዎቹ ዓ.ም. ገደማ ለአዲሱ ከተማ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እንዲሆን ከባሕር ማዶ መጥቶ የተተከለ ነው። ጥንተ አገሩ አውስትራልያ ሲሆን፥ ዛሬ አበባው ለንብ ቀለብ ከሚሰጡት አንዱ ሆኗል።

ንቦች የአበባውን ጣፋጭ ውሃ ማር ስለ ማድረጋቸው

በየካና በእንጦጦ ቁልቁለት ንቦች ከአደይ አበባ፥ ከማገጥ፥ ከግራዋ፥ ከኮሶና ከባሕር ዛፍ ይቀስማሉ። በአበባው ውስጥ የሚያገኙት ጣፋጭ ውሃ ገና ማር አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ ነው፤ በውስጡም ሱክሮስ፥ ግሉኮስና ፍሩክቶስ እንደ አበባው ዐይነት በየመጠኑ ይገኛሉ።

ንቦች ይህን በሆዳቸው ከረጢት ይዘው ወደ ቀፎ ሲመለሱ ሁለት ሥራ ይሠሩበታል። አንደኛው፥ ከአካላቸው ኢንቨርቴዝ የሚባል ኢንዛይም ይጨምሩበታል፤ ይህም ሱክሮስን ወደ ግሉኮስና ወደ ፍሩክቶስ ይከፍለዋል። ሁለተኛው፥ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበሉና በክንፋቸው እያራገቡ ውሃውን ያደርቃሉ። ውሃው ከመቶ ከ20 እጅ በታች በወረደ ጊዜ የማር እንጀራውን ዐይን በሰም ይከድኑታል። የተከደነው ብስል ማር ነው፤ ያልተከደነው ግን ጥሬ ነው።

ማር ሳይበላሽ ብዙ ዘመን የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ስኳሩ ውሃውን ሁሉ ስለሚይዘው ሻጋታና እርሾ ሊጠጡት የሚችሉት ውሃ አያገኙም። ደግሞም ሌላ የንብ ኢንዛይም ከግሉኮሱ ጥቂቱን ወደ አሲድነት ይለውጠዋል፤ በዚህም ጊዜ ቁስል ለማጠብ የሚያገለግለው ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ በጥቂቱ ይገኛል። ማር በቁስል ላይ መቀባቱ ጥንታዊ ልማድ ሲሆን፥ ዛሬም በሐኪም ቤት ለዚሁ ሥራ የሚዘጋጅ የተጣራ ማር አለ።

ማር ስለ ምን ይረጋል

ከብስል ማር 100 እጅ ውስጥ በመካከለኛ ግምት 38 እጅ ፍሩክቶስ፥ 31 እጅ ግሉኮስ፥ 17 እጅ ውሃ ነው። የቀረው ሌላ ዐይነት ስኳር፥ አሲድ፥ ማዕድንና የአበባ ብናኝ ነው።

ፍሩክቶስ በጥቂት ውሃ ብዙ ስለሚሟሟ ፈሳሽ ሆኖ ይኖራል። ግሉኮስ ግን በዚያ ልክ አይሟሟም። በማር ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉንም ግሉኮስ ሟሙቶ ለማቈየት የሚበቃ ስላልሆነ፥ የተረፈው ግሉኮስ ቀስ በቀስ እየተለየ ቅንጣት ያበጃል። የአበባ ብናኝ ወይም የሰም ፍርፋሪ ካለበት ቅንጣቱ በዚያ ዙሪያ ይጀምራል፤ ከዚያም በእንስራው ሁሉ ይዛመታል። ማሩ የሚነጣውም ብርሃን በቅንጣቶቹ ላይ ስለሚበተን ነው። ስለዚህ ማር ረጋ ማለት የገዛ ራሱ ግሉኮስ ተለየ ማለት ነው እንጂ ሌላ ነገር ገባበት ማለት አይደለም።

የመርጋቱን ፍጥነት ሁለት ነገሮች ይወስኑታል። አንደኛው የአበባው ዐይነት ነው፤ ግሉኮስ የበዛበት ማር ፈጥኖ ይረጋል፥ ፍሩክቶስ የበዛበት ግን ይዘገያል። ስለዚህ ከአንድ ተራራ በመስከረም አበባና በበጋ አበባ የተገኙ ሁለት ማሮች አንዱ ሲረጋ ሌላው ፈሳሽ ሆኖ ቢቈይ ሊያስደንቅ አይገባም። የትግራይ ነጭ ማር ረግቶ ሳለ በታላቅ ክብር የሚገዛ መሆኑ የታወቀ ነው፤ መርጋቱ ነውር ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተከበረ ነበር። ሁለተኛው ብርድ ነው። ማር ይልቁን ፈጥኖ የሚረጋው በ14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የእንጦጦ ተራራና በግርጌው ያለው የየካ አገር የጥቅምትና የኅዳር ብርድ ለዚህ እጅግ የተመቸ ነው። ያው ማር ወደ ቈላ ቢወርድ ረዘም ላለ ጊዜ ፈሳሽ ሆኖ ይቈያል።

የረጋውን ማር ወደ ፈሳሽነት ለመመለስ የሚፈልግ ሰው፥ ዕቃውን በ40 ዲግሪ ገደማ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ይጠብቅ። በእሳት ላይ ጥዶ ማፍላት ግን ኢንዛይሞቹን ይገድላል፥ መዓዛውን ያጠፋል፥ መልኩንም ያጠቁራል።

ስለ ተቀላቀለ ማር

ማርን ከስኳር ጋራ ቀላቅሎ የሚሸጥ ሰው ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም። ነገር ግን ማታለሉ በመርጋት አይታወቅም፤ ፈሳሽ መሆንም የንጽሕና ምስክር አይሆንም። እንዲያውም አብዝቶ የተቀቀለ ማር ሳይረጋ ይቈያል፤ ስለዚህ መርጋትን እንደ ነውር መቍጠር ሻጩን ማሩን ወደ ማቃጠል ይገፋዋል። በክብሪት ማንደድ፥ በውሃ ብርጭቆ ውስጥ መጣል፥ ጉንዳን ቀረበው አልቀረበውም ብሎ መመልከት፥ እነዚህ ሁሉ በገበያ የተለመዱ ፈተናዎች ለፍርድ የሚያበቁ አይደሉም። ክብሪቱና ብርጭቆው የውሃውን ማነስና መብዛት ቢያመለክቱ እንጂ የስኳሩን ዐይነት አይናገሩም።

እውነተኛው ምስክር የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። በዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ውሳኔ መሠረት፥ በአበባ ማር ውስጥ የግሉኮስና የፍሩክቶስ ድምር ከ100 ግራም ከ60 ግራም ማነስ የለበትም፤ ሱክሮስ ከ5 ግራም፥ ውሃም ከ20 ግራም መብለጥ የለበትም። ሆኖም ቀይ ባሕር ዛፍ ከሚባለው ዐይነት ለተገኘ ማር ሱክሮስ እስከ 10 ግራም ተፈቅዷል። ከዚህ ሁሉ የጠለቀ ሌላም ምርመራ አለ። ሸንኮራ አገዳና በቆሎ ካርቦንን ከአየር የሚወስዱበት መንገድ ንብ ከምትቀስማቸው ከብዙዎቹ አበቦች መንገድ የተለየ ነው፤ በዚህም ምክንያት በስኳራቸው ውስጥ ያለው ከባዱና ቀላሉ የካርቦን ዐይነት መጠኑ ይለያያል። ሊቃውንቱ ይህን መዝነው ከአገዳ የገባውን ስኳር ያውቃሉ።

እንዲሁም ንቦች በረኃብ ጊዜ የስኳር ውሃ ቢሰጣቸው ተገቢ ርዳታ ነው። ነገር ግን ማር በሚሰበሰብበት ወራት ቢሰጣቸው ያንኑ በእንጀራቸው ውስጥ ስለሚያከማቹት፥ ከቀፎ የወጣው እንኳ እውነተኛ ማር አይባልም።

ስኳር በጠጅ ውስጥ የሚሆነው ነገር

እንደየቤቱ ልማድ 1 እጅ ማር በ3 ወይም በ4 እጅ ውሃ ሲበረዝ፥ ስኳሩ እርሾን የመከልከል ኃይሉን ያጣል። ያን ጊዜ እርሾ ግሉኮስንና ፍሩክቶስን ይመገባል፤ አንዱን የስኳር ሞለኪውልም ወደ 2 የአልኮልና ወደ 2 የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ይከፍለዋል። የጠጁ መፍላትና አረፋ ይህ የሚወጣው ጋዝ ነው። ከ180 ግራም ስኳር ቢበዛ 92 ግራም አልኮል ይገኛል፤ የቀረው 88 ግራም ከቅጠሉ በፊት ወደ ነበረበት ወደ አየር ይመለሳል። ጌሾው ምሬትና መዓዛ ይሰጣል እንጂ አልኮል የሚሆነው የማሩ ስኳር ነው።

ጥሬ ማር በእንስራ ውስጥ የሚቦካውም በዚሁ መንገድ ነው። ሳይከደን የተቈረጠ እንጀራ ውሃው ብዙ ስለሆነ እርሾ ይነሣበታል፤ ያረፍፋል፥ ይኮመጥጣል። ይህ በእውነት የተበላሸ ማር ስለሆነ ከረጋው ማር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስኳር በሰው አካል ውስጥ የሚሠራው ሥራ

እንጀራም ሆነ ማር ከተበላ በኋላ ግሉኮሱ ወደ ደም ይገባል። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው 5 ግራም ያህል ብቻ ሲሆን፥ የአንጐል የቀን ቀለብ ብቻ 120 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ጉበት የተረፈውን እንደ ጎተራ አስቀምጦ በጾምና በእንቅልፍ ሰዓት እየቈነጠረ ያወጣል። ስኳሩ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ በኦክሲጅን ቀስ ብሎ ይቃጠላል፤ ቅጠሉ ከፀሐይ የተቀበለውም ኃይል የጡንቻ ጉልበትና የአካል ሙቀት ይሆናል።

ግሉኮስ ከደም ወደ ጡንቻ እንዲገባ የሚያደርገው ከጣፊያ አጠገብ ካለው ቆሽት የሚወጣው ኢንሱሊን ነው። ይህም በ1921 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ተለይቶ ተገኘ። ኢንሱሊን ሲጐድል ወይም ሥራው ሲደክም የስኳር በሽታ ይሆናል። «ማር የተፈጥሮ ነውና ለስኳር በሽተኛ አይጐዳም» የሚለው አነጋገር ስሕተት ነው፤ በማሩ ውስጥ ያለው ግሉኮስ እንደ ማናቸውም ግሉኮስ ወደ ደም ይገባል። በአንጻሩ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ወርዶ ቢያልበውና ቢንቀጠቀጥ፥ መዋጥ እስከ ቻለ ድረስ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ፈጥኖ ሊረዳው ይችላል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም ሊሰጠው አይገባም፤ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላ ሕፃንም ማር ፈጽሞ አይሰጥም፤ ለትልቅ ሰው የማይጐዳ በማር ውስጥ የሚገኝ አንድ ተሕዋሲ በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ያፈልቃልና።

ንቦች ራሳቸው ስኳሩን ስለሚፈልጉት

ማር ለሰው ከመሆኑ በፊት የንብ ስንቅ ነው። ንቦች እጭ ያለበትን የቀፎውን መካከል ከ33 እስከ 36 ዲግሪ ሙቀት ይጠብቃሉ። በእንጦጦ ሌሊት ብርድ ይህን ሙቀት የሚያገኙት ተጠጋግተው የክንፍ ጡንቻቸውን እያንቀጠቀጡ ሲሆን፥ ማገዶው የማሩ ስኳር ነው። ሰምም የሚሠራው ከስኳር ነው፤ 1 ኪሎ ሰም ለማውጣት ንቦች በግምት ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማር ይበላሉ።

ስለዚህ ማሩን ሁሉ አራቁቶ የሚወስድና እንጀራውን ሁሉ የሚሰብር ሰው የሚመጣውን ዓመት ማር አስቀድሞ በላ ማለት ነው። በክረምት ዝናብ ንቦች መውጣት ሳይችሉ ሲቀሩ፥ ስንቅ የሌለው መንጋ ይሞታል ወይም ቀፎውን ጥሎ ይኰበልላል። በእሳት አቃጥሎ ማር መቍረጥም መንጋውን ይፈጃል፤ አልፎ ተርፎ የጫካ እሳት ያስነሣል። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከሁሉ የሚበልጥ ማር የሚገኝባት አገር ስትሆን፥ ይህ ሀብት የቆመው በእንዲህ ያለው ትንሽ ጥንቃቄ ላይ ነው።

ከዚህ ትምህርት የሚገኘው ምክር

1ኛ፤ ማር ረጋ ተብሎ ክስ ሲቀርብ ሹሙ መርጋቱን ብቻ እንደ ማስረጃ አይቀበል። ማታለል የሚያጠራጥር ሌላ ምክንያት ካለ፥ ከማሩ ናሙና በሁለቱ ወገን ፊት ተወስዶና ታሽጎ ወደ ላቦራቶሪ ይላክ።

2ኛ፤ ንብ አናቢዎች የተከደነውን እንጀራ ብቻ እንዲቈርጡ፥ ለንቦቹም የክረምት ስንቅ እንዲተዉ፥ በነበልባል ሳይሆን በጢስ እንዲሠሩ ይመከሩ። የበለጠ ትምህርት ለሚሻ በሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል አለ።

3ኛ፤ የተባይ መድኃኒት በአበባ ጊዜ በቀትር አይረጭ። ግድ ከሆነ ንቦች ወደ ቀፎ ከገቡ በኋላ በምሽት ይሁን፤ በአቅራቢያው ያለው ባለ ቀፎም አስቀድሞ ይነገረው።

4ኛ፤ መሬት የያዘ ሰው ባሕር ዛፉን ሲቈርጥ በአንድ ጊዜ ሁሉን አይመንጥር፤ በወንዝ ዳርና በገደል አፋፍ ያለውን ግራዋና ኮሶ፥ በዛፍ ሥርም የሚበቅለውን የአገር ቍጥቋጦ ይጠብቅ። አንዱ አበባ ሲረግፍ ሌላው ካልፈነዳ ቀፎው ይራባልና።

ቅጠል ያልሠራውን ስኳር ንብ ልታመጣው አትችልም። ስለዚህ የተራራውን አበባ የጠበቀ ሹም የቀፎውን ማር ጠበቀ፤ የረጋውንም ማር ባሕርይ ያወቀ ዳኛ የንብ አናቢውን እንጀራና ስም ጠበቀ።